የብሬይል ዲስፕሌዬ ከወራት በኋላ፦ ነጥብ ያውቃል፣ ፊደል አያውቅም

ባለ 40 ሴሉን የብሬይል ዲስፕሌይ (ጽሑፍን በሚነሱና በሚወርዱ ነጥቦች ጣት ስር የሚያወጣ መሣሪያ፤ ሴል የአንድ የብሬይል ምልክት ቦታ ነው) ከያዝኩ ወራት አልፈዋል። ከላፕቶፔ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል፣ ኤንቪዲኤ የሚባለው የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ የሚያገኘውን ጽሑፍ ጣቴ ስር ያወጣልኛል። ባትሪው አይታማም። ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ዞር ዞር ያሰኛል፣ ግን ይለመዳል። የጻፍኩትን ለማረም ደግሞ ድምፅ አይደርስበትም፤ በጆሮ የሚያልፍ የፊደል ግድፈት በጣት አያልፍም።

ወደ አማርኛው ልምጣ። ከኮምፒውተር ጋር ሲሆን ጥሩ ያነባል። ግን ፊደሉን ወደ ነጥብ የሚቀይረው ዲስፕሌዩ አይደለም፣ ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ሊብሉዊ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። የኛ ፊደል ሰንጠረዥ አለው፣ ከሴቲንግ ገብቶ መምረጥ ብቻ ነው።

«ቡና» ብላችሁ ጻፉ። ስክሪን ላይ ሁለት ፊደል ነው፣ ጣት ስር ግን አራት ሴል ይይዛል። የአማርኛ ብሬይል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ስለሚጽፍ ነው፤ በአንድ ሴል የሚያልፈው ሳድስ ነው። ስለዚህ 40 ሴል ሲባል 40 ፊደል እንዳይመስላችሁ። ባለ 20 ሴሉን አማርኛ ለሚያነብ ሰው አልመክርም፣ አንድ ረዘም ያለ ቃል ገብቶበት ያልቃል።

አሁን ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ ማሽኑ የራሱ ማስታወሻ ላይ የአማርኛ ቴክስት ፋይል ክፈቱ። የኔው እርባና ያለው ነገር አያወጣም። ሻጩን ደውዬ ስጠይቀው «አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» አለኝ። ሲሸጥልኝ «የማያነበው ቋንቋ የለም» ያለኝ እሱው ነው!

የሚገርመው ግን ያው ማሽን፣ ያው አማርኛ፣ ፋይሉ ቢአርኤፍ (የብሬይል ፋይል ዓይነት) ከሆነ ያለምንም ችግር ይነበባል። ቢአርኤፍ የሚይዘው ነጥቦቹን እንጂ ፊደሉን አይደለም። በስድስት ነጥብ የሚሠሩት 64 ቅርጾች፣ ባዶው ጭምር፣ እያንዳንዳቸው አንድ የአስኪ (የኮምፒውተር መሠረታዊ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ስብስብ) ምልክት ተመድቦላቸዋል። «ቡና» ፋይሉ ውስጥ ቢ፣ ዩ፣ ኤን፣ ኤ ሆኖ ይቀመጣል፣ ማሽኑም ነጥቦቹን አውጥቶ ያርፋል፣ አማርኛ ይሁን ስዋሂሊ ጉዳዩ አይደለም። ለዓይናማ ሰው ግን ጣጣ ነው። አንድ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ፋይል ከፍቶ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ተቀላቅሎ ሲያይ «ይሄን ቫይረስ በልቶታል» ብሎ ሊያጠፋው ነበር።

ለሱ ዓይነቱ ሰው የምልከው በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን በቁጥር የሚመዘግብ የኮምፒውተር ሥርዓት) ብሬይል ነው። 1999 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጅ) በዩኒኮድ 3.0 የገባ ነው፣ 256 ቅርጾች አሉት፣ ምክንያቱም ባለ 8 ነጥብ ነው። አሠራሩን ወድጄዋለሁ። ነጥብ 1 ዋጋው 1፣ ነጥብ 2 ዋጋው 2፣ ነጥብ 3 ዋጋው 4፣ ነጥብ 4 ዋጋው 8 እያለ እስከ 128 እየተባዛ ይሄዳል። ም ነጥብ 1፣ 3 እና 4 ናት፣ ስትደምሩት 13፤ ከባዶዋ ሴል ጀምራችሁ 13 ስትቆጥሩ እሷን ታገኛላችሁ። ስክሪን ላይ ነጥቦቹ ራሳቸው ስለሚታዩ ብሬይል የሚማር ዓይናማ ሰው በቴሌግራም ቢላክለትም ያየዋል። ለኢምቦሰር (ብሬይል ወረቀት ላይ ለሚያትም ማሽን) ግን አሁንም ቢአርኤፍ ይሻላል፣ መስመሩም ብዙ ጊዜ 40 ሴል ስለሆነ ከዲስፕሌዬ ጋር ልክ ይገጥማል።

ሃርድዌሩ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። መጨረሻ አካባቢ ያለች አንዲት ሴል ነጥብ 4ዋ አልነሳ ብላለች፣ አቧራ ሳይሆን አይቀርም። ም ያለ ነጥብ 4 ክ ትሆናለች፣ ስለዚህ «ሰላም» እዚያ ላይ ካረፈ «ሰላክ» ይለኛል። ሳላነብ በፊት እጄን እታጠባለሁ፣ ሽፋኑንም ክፍት አልተወውም፣ ያም ሆኖ መጣ። ሻጩ ጥገናው ውጭ ተልኮ ነው የሚሠራው አለኝ።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሻጩን «አማርኛ ይደግፋል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ አዎ ነው የሚላችሁ። አንድ ገጽ አማርኛ በተራ ቴክስትም በቢአርኤፍም ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና ማሽኑን ከኮምፒውተር ሳታገናኙ ሁለቱንም እዚያው ክፈቱ። ጣታችሁንም ከመጀመሪያዋ ሴል እስከ መጨረሻዋ አሳልፉበት።