ኖርማንዲ ወይስ ምፅዋ? ለጎንደር ሳሎን የሚሆን ካርታ

የጦርነት ዘመን የባሕር ዳርቻ ካርታ ግድግዳ ላይ መስቀል ለሚወድ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ከአጋሮቻቸው ጋር በግንቦት 1936 ዓ.ም. በፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ላካሄዱት ወረራ የተዘጋጀው፣ ኦማሃ የተባለው የባሕር ዳርቻ ካርታ ነው። ሲያዩት ያስደምማል! የጀርመኖች ምሽግ በምልክት ሰፍሯል፤ ከግርጌው ደግሞ ዳርቻው ከባሕር ላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ተስሏል። ቅጂው በቀላሉ ይገኛል፣ ኦርጅናሉ ግን ኪስ ይጎዳል።

ሌላው የምፅዋ ነው። በውበት አይደርስበትም፤ ባሕሩን የሞሉት የጥልቀት ቁጥሮች ናቸው። እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ጣሊያኖች በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን ያሰጠሙት እዚያ ነው። በኅዳር 1934 ዓ.ም. ደግሞ የመጨረሻ ምሽጋቸው ጎንደር ወደቀች። ጣሊያኖች የሠሯቸውን የጎንደር ፒያሳ ሕንፃዎች እያየ ላደገ ልጅ ይህ የቤቱ ታሪክ ነው።

ኦርጅናል ካገኛችሁ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ ቀለሙ ይለቃል።