የክራር ቅኝት ለሚምታታባችሁ ሁሉ፦ አንድ አስተማሪ ልጠቁማችሁ

ዛሬ የጻፍኩት ለልጄ ክራር የሚያስተምሩልንን ጋሼን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸው እዚህ እንዳይወጣ ስለፈለጉ አልጠራሁትም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጄ ከቅኝቶቹ፣ ማለትም ዜማ ከሚሠራባቸው የድምፅ ስብስቦች፣ ትዝታን ደህና አድርጋ ትጫወታለች። ችግሩ ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ወደ አምባሰል ስትሻገር ነበር። የትኛው ክር ይክረር፣ የትኛው ይላላ የሚለውን በቃሏ ስትይዝ ይምታታባታል። የጠየቀችው ሰው ሁሉ «ጆሮሽ ይለምደዋል» ብሎ ያልፋታል።

ጋሼ ግን አንዲት ክብ ጣውላ ይዘው መጡ። ዙሪያዋን እንደ ሰዓት 12 ቀዳዳ አላት። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ቀጣዩ መሄድ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት) መውጣት ነው፤ ከዶ ተነስቶ ዙሩ ሲያልቅ ያው ዶ ላይ ይደረሳል፣ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ማለትም ያው ድምፅ ቀጥኖ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ላይ ችንካር ተከሉና ላስቲክ ወጠሩባቸው። ትዝታ ሜጀር (ትዝታም ባቲም ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ዓይነቶች አሏቸው) አምስት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ አለ! ከዚያ «ምንም ሳትነኪ ከላ ጀምረሽ ዙሪ» አሏት። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፦ ባቲ ማይነር። ልጄ ክራሯን አንስታ እዚያው ሞከረችው። አንድም ክር አልተነካም።

ቀጥለው የሚንና የላን ችንካር አንድ አንድ ቀዳዳ ዝቅ አደረጉ፤ ትዝታ ማይነር። ያንኑ ቅርጽ ከሶል ሲጀምሩት አምባሰል ሆነ። እሷ ደግሞ ቅርጹን በስስ ወረቀት ላይ ቀድታ ስትገለብጠው የባቲ ሜጀር ቅርጽ ወጣ። እኔ ስንት ዘመን ሙዚቃ ስሰማ እነዚህ ቅኝቶች እንዲህ የሚዛመዱ አይመስለኝም ነበር። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ብቻ ከማንኛቸውም ጋር አይገጥምም። እሱም ቢሆን በትክክለኛው መስመር መሃል ለመሃል ሲታጠፍ ሁለቱ ጎኖቹ ልክ ይገጥማሉ።

ጋሼን ይበልጥ ያከበርኩበት ነገር ደግሞ አለ። ክራርም ማሲንቆም በጆሮ እንደሚቃኝ፣ የድሮዎቹ ተጫዋቾች ድምፅ ከፒያኖው ግማሽ ድምፅ ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም አስረድተዋታል። «ጣውላዋ ዝምድናውን ታሳይሻለች፤ መጨረሻውን ጆሮሽ ይወስን» ነው ያሏት። ክር ሲበጠስ ራሳቸው ይቀይራሉ፣ ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም።

እኔ የምመክረው ትንሽ ለጀመረ ሰው ነው፤ ፒያኖ ወይም ጊታር የሚማሩ ልጆችም ይጠቀማሉ። ክራር ጨርሶ ይዞ የማያውቅ ግን መጀመሪያ ጣቱን ቢያፍታታ ይሻላል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሞልቶባቸዋል፤ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚመቸው ቶሎ ቢይዝ ጥሩ ነው።