ካርዳኗን የፈቱልኝ ጋራዥ

የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ተፈታ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ለእንደኔ ዓይነት እንቁላል ነጋዴ በዚህ መሀል ያለችው ጊዜ ወርቅ ናት። መኪናዬ ራቭፎር መንቀጥቀጥ የጀመረችው ልክ በዚህ ሰሞን ነው። ፍጥነት ስጨምር ወለሉ ከእግሬ ስር ይንዘረዘራል። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ስደርስ ከየትሪው ሁለት ሦስት እንቁላል ተሰንጥቆ አገኛለሁ።

አዘዞ መስመር ላይ ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። መካኒኩ ከስር ገብቶ ካርዳኑን፣ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ፣ ወዘወዘና ጠራኝ። «ነይ እይው፣ እታለም።» የኋላው ክሮቼራ፣ ካርዳኑ የሚተጣጠፍበት መጋጠሚያ፣ ዙሪያውን ቀይ ዱቄት ተነስንሶበታል። ግራሶው አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ የወጣ ዝገት ነው። ዕቃው እዚህ አልተገኘም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። «የኋላውን ቁራጭ እንፍታልሽ፣ በፊት ጎማ እየሄድሽ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

አፈታታቸውን ወደድኩት። ቡሎን ከመንካታቸው በፊት ሁለቱ ብረቶች የሚገጥሙበት ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመሩ። ሲመለስ በነበረበት ካልገጠመ ሚዛኑ ይዛባል። ቡሎኖቹንም በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ።

ሞተር አስነሳሁ፣ አንደኛ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮን ለቀቅኩ። ንቅንቅ የለም! ነዳጅ ስሰጣት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ከስር የቀረው የካርዳን ቁራጭ ብቻውን ይሽከረከራል። ረዳቱ ልጅ «ካምቢዮው ሄደ» ብሎ አረፈው። ሊያወርዱት መፍቻ ማቀራረብ ሲጀምሩ ሾፌር ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ።

የኔዋ እ.ኤ.አ. የ1998 ማንዋል ናት፤ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትሄደው። መሀል ላይ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ዲፈረንሻል አለ። እሱ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ቀለለው በኩል ይለቃል። የኋላው ባዶውን ሲሽከረከር ለፊቱ የሚደርሰው ነገር የለም። መፍትሔው ዳሽቦርድ ላይ ያለች፣ ያንን ዲፈረንሻል የምትቆልፍ በተን ናት። ተጫንኳት፣ መብራቷ በራ፣ ሄድን። ይህን መናገር የነበረበት ጋራዡ ነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት የሰጠኋቸውም ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የራቭፎር ሞዴል ያላችሁ ግን እንዳትሞክሩት። እሱ መሀል ላይ ያለው በፈሳሽ የሚሠራ ማያያዣ ነው፤ ካርዳን ሳይኖር ሲነዳ ግሎ ይበላሻል።

ስምንት ቀን እንዲህ ነዳሁ። አንድም እንቁላል አልተሰነጠቀም። ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉኝ ነበሩ፤ ኪሴ አላወቀውም። ችግሩ ዳገት ነው። አንድ ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ 20 ትሪ ከኋላ ጭኜ ወደ ጎሃ ሆቴል ስወጣ የፊት ጎማዎቹ እዛው ባሉበት ይፈትሉ ጀመር። መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይታገላል። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ወረድኩና ትሪዎቹን ወደ ጋቢና አዛወርኩ፤ ወንበሩ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የቻለውን ያህል። ፊቷ ትንሽ ከበድ ሲል እየተንፏቀቀች ወጣች። እኔ በመስኮት በኩል ግማሽ ፊቴን አውጥቼ ነው የነዳሁት።

ክሮቼራው ሲመጣ እዛው ጋራዥ አስገጠምኩት። ነጩ መስመር ልክክ አለ፤ መንቀጥቀጡም ጠፋ። ልወጣ ስል ያ ረዳት ልጅ በመስኮት አንገቱን አስገባ።

«እትዬ፣ በተኗን አጥፊያት። አሁን የኋላው ስለተገጠመ ደረቅ አስፋልት ላይ ተቆልፋ ከሄደች ስትታጠፊ ትታነቃለች።»

አጠፋኋት።