ጠፍር ከመቁረጥ የሚጀምር የቆዳ ጉንጎና ሥልጠና

በአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ የቆዳ ወርክሾፕ ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የጉንጎና ሥልጠና ተከታትዬ ጨርሻለሁ። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ምንም የማያውቅ ሰው አምባር፣ የቁልፍ መያዣና ቀጭን ቀበቶ በራሱ እጅ ሠርቶ እንዲወጣ የታሰበ ነው። ክፍያው ከአንድ ደህና የቆዳ ቀበቶ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቅሬታዎች ቢኖሩኝም ሥልጠናው ለገንዘቡ የሚመጥን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም አሠልጣኙ ጉንጎናውን ከማስጀመራቸው በፊት የጠፍር አቆራረጥን በሚገባ ማስተማራቸው ነው።

በቪዲዮ እያየ የሚጀምር ሰው ትኩረቱ ሁሉ የሚያርፈው በጣቶቹ እንቅስቃሴ ላይ ነው። የጣቶቹ ሥራ ግን ቶሎ ይለመዳል። ጠፍሩ አንዱ ጋ 4 ሚሊሜትር፣ ሌላው ጋ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ከተቆረጠ ወይም ከጠፍሮቹ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚለጠጥ ከሆነ፣ እጅ የቱንም ያህል ቢቀናና ቢፈጥን ጉንጉኑ መጣመሙ አይቀርም። አሠልጣኙ ይህን በቃል ብቻ አላለፉትም። ከአንድ ቆዳ ላይ፣ አንዱን ከጀርባው ሌላውን ከሆዱ፣ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ጠፍሮች ቆርጠው በየተራ እንድንስባቸው አደረጉ፤ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ከሆዱ በኩል የተቆረጠው በዓይን በሚታይ ልክ ረዝሞና ሳስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠፍርን አስቀድሞ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ፣ በደንብ ስቦ፣ በመጨረሻ ወደ ትክክለኛው ስፋት ማስተካከል ለምን እንደሚያስፈልግ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም።

የቆዳ መረጣው ትምህርትም አገራችን ካላት ቆዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጠቃሚ ነው። የደጋ በጎቻችን ቆዳ ስስ፣ ለስላሳና ለስስነቱ ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ በተለይ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል፤ ለጓንት የሚጠቅመው ያው ልስላሴና መለጠጥ ግን ለጎንጓኙ ተጨማሪ ሥራ ይሆንበታል። የፍየል ቆዳ ጠንከር ያለ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ይመቻል፤ የባቲ ፍየል ቆዳም በንግዱ ዓለም ስም ያለው ነው። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ቆዳው የለፋበት መንገድ ነው። በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ በትንሹ ሲረጥብ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል፤ ክሮም በተባለው ኬሚካል የለፋው ግን፣ በገበያችን በብዛት የሚገኘውም እሱ ነው፣ ለስላሳና ውኃን የሚቋቋም ቢሆንም ቅርጽ የመያዝ ዐቅሙ ያነሰ ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ ገዢ ከመርካቶ ያማረ ቆዳ ይዞ ተመልሶ ለሥራው የማይሆን ሊሆንበት ይችላል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ከቁርጥራጭ ረጅም ጠፍር የማውጣት ዘዴውን ነው። አሠልጣኙ እንጨት ላይ የካተር ስለት አቁመው ይተክሉና ከስለቱ 4 ሚሊሜትር ርቆ አንድ ሚስማር ይመታሉ። በክብ የተቆረጠ ቆዳ በስለቱና በሚስማሩ መካከል ገብቶ ጫፉ ሲሳብ፣ ቆዳው ራሱ እየዞረ ከዳር ወደ መሃል ያለማቋረጥ ይቆረጣል። ወርዱ 10 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ክብ ቁራጭ በዚህ መንገድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ጠፍር ይወጣል። ከጫማና ከቦርሳ ሥራ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። በትንሽ ገንዘብ ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ ወጣት ይህ አንድ ትምህርት ብቻውን የክፍያውን ግማሽ ይመልሳል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ጉንጎናው ስንገባ የተማርነው ሦስት ዓይነት ነው። ባለ ሦስት ጠፍሩ ጠፍጣፋ ጉንጉን ሹሩባ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። በባለ አራት ጠፍሩ ክብ ጉንጉን ከዳር ያለው ጠፍር ከኋላ በሁለቱ ሥር አልፎ በአንዱ ላይ ወደ ራሱ ወገን ይመለሳል፣ ከሌላው ዳርም ተመሳሳዩ ይደገማል፤ ጠፍሮቹ ከሚፈለገው ርዝመት ቢያንስ በግማሽ መርዘም ስላለባቸው ለ20 ሳንቲሜትር አምባር 30 ሳንቲሜትር ይዘጋጃል፣ ለእጅ መያዣ የሚተወው ሳይቆጠር። ሲያልቅም በሁለት ጣውላ መካከል ተንከባሎ ይስተካከላል። ሦስተኛው፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሳይከፈቱ መሃሉ ብቻ በጠፍር በጠፍር ተሰንጥቆ ከአንድ ወጥ ቁራጭ የሚጎነጎነው አምባር፣ መጀመሪያ ሲያዩት የማይቻል ይመስላል፤ ጫፉ በጠፍሮቹ መካከል እየሾለከ በየስድስት መሻገሩ ጥምዝማዜው ስለሚፈታ ግን ቁጥሩን የያዘ ሰው አይስተውም።

ቅሬታዬን በተመለከተ፣ አንደኛው የጤና ጉዳይ ስለሆነ ሊዘገይ አይገባም። ጫፎችን በማስቲሽ ስናጣብቅ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር፤ ሽታው ራስ የሚያዞር ሲሆን መስኮት እንዲከፈት የጠየቅነው ሠልጣኞቹ ነን። ከክፍያው ጋር የሚሰጡት ዘለበቶችና መቆለፊያዎችም ቀለማቸው ቶሎ የሚላጥ በመሆኑ ለሽያጭ በሚሠራ ዕቃ ላይ እንዲገጠሙ አልመክርም። የጫፍ አጨራረስ፣ ማለትም ጉንጉኑ እንዳይፈታ ጫፉን መልሶ ውስጥ ለውስጥ የመቅበር ሥራ፣ በመጨረሻው ሰዓት በጥድፊያ ታልፏል፤ የዕቃውን ዕድሜ የሚወስነው እሱ ስለሆነ የራሱ ክፍለ ጊዜ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ሌላም አለ። ለናሙና የቀረቡልን ሥራዎች በሙሉ የውጭ አገር ናቸው። የጭነት እንስሳ ሲጫን የሚታሰርበት መጫኛ፣ አልጋ የሚጠፈርበት ጠፍር፣ የፈረስ ልጓም፣ እነዚህ ሁሉ በገጠራችን በእጅ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ የሠሯቸው ባለሙያዎች ግን ከክብር ይልቅ ንቀት ሲደርስባቸው ኖሯል። ዛሬ የከተማ ሰው ከፍሎ የሚማረው ሙያ የእነሱም ሙያ መሆኑን አንድ መጫኛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማሳየት ይበቃ ነበር፤ ጥሬ ቆዳ እንዴት ተደርጎ ያን ያህል ሸክም እንደሚችል መመርመርም ለትምህርቱ በጠቀመ።

ለመመዝገብ የሚያስቡ ሰዎች ወርክሾፑ ለብቻው የሚሸጠውን የመሣሪያ ጥቅል ባይገዙ ይሻላል፤ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ወስፌና ጥቂት ሰም ለጊዜው በቂ ናቸው፣ ተለያይተው ሲገዙም ይረክሳሉ። መሃሉ ላይ ገመድ ገብቶ በስምንት ጠፍር የሚጎነጎነውን ቀበቶ የሚያስተምር ሁለተኛ ደረጃ እንደሚከፈት ተነግሮናል። የክፍሉ አየር ጉዳይ ከተስተካከለ እኔም እመዘገባለሁ።