የቡቺን እግር ላዳነችልን ሐኪም

ይህን የምጽፈው ማመስገን ስላለብኝ ነው። ውሻው ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ሲልስ የሚያድርበት ሰው ካለም ያንብበው።

ቡቺ የእናቴ ውሻ ነው። ውስጥ እግሩ መጀመሪያ ደረቀ፣ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጣጠቀ። ከስንጥቁ ደም መታየት ሲጀምር ደረጃ መውጣት ተወ። እናቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምታወራው ለሱ ነው። እኛ ልጆቿ ስንደውል "ደህና ነኝ" ብላ ትዘጋለች፣ ለቡቺ ግን የጎረቤቱን ወሬ ሁሉ ትተርክለታለች። ስለዚህ የታመመው ውሻው ብቻ አልነበረም።

በፊት የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ውስጤ ግን አሁንም ይበግናል። አንዱ ከወንበሩ ሳይነሳ "እርጅና ነው" ብሎ አሰናበተን። ሌላው እግሩን ሳይነካ ቅባት ጻፈልን፣ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "ዝም ብለሽ ቀቢው" አለኝ። ከሁሉም ያናደደችኝ ግን "ለውሻ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?" ብላ እናቴ ፊት የሳቀችው ናት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከፍለን፣ ተሰልፈን፣ ተስቆብን!

ከዚያ አንዲት ጓደኛዬ ይህችን ዶክተር ጠቆመችኝ። ገና ሳንቀመጥ እሷ ጋዋኗን እንደለበሰች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቡቺን አልያዘችውም። እጇን ዘርግታ እስኪያሸታት ዝም ብላ ጠበቀች። እግሩን ማንም እንዲነካው የማይፈልገው ውሻ ራሱ ሄዶ አጠገቧ ተኛ። ብዙም ያልተጎዳውን እግር አስቀድማ፣ በጣም የሚያመውን መጨረሻ አየች፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር። ቀና ብላም አፍንጫውን አስተዋለችና "እማማ፣ አፍንጫውም አብሮ ነው የደረቀው?" አለቻት። እናቴ አዎ አለች። ይህን ማንም ጠይቆን አያውቅም። "የመሬቱ ሙቀት ቢሆን ኖሮ አፍንጫው ምን አገባው? ከውስጥ የመጣ ነገር ሊኖር ይችላል" አለች። ደም ወሰደች፣ ከቆዳውም ትንሽ ወሰደች። የበሽታውን ስም ነግራናለች፣ እኔ ግን አልያዝኩትም። ረጅም ነው። ኪኒን ተጀመረለት።

ቤት ውስጥ የምናደርገውን ግን በደንብ ይዤዋለሁ። ከውጭ ሲመለስ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ በጣቶቹ መሀል እርጥበት ሳይቀር ማድረቅ፣ ለውሻ ተብሎ የተሠራ ቅባት ስስ አድርጎ መቀባት፣ ቅባቱ ቆዳው ውስጥ እስኪገባ እንዳይልሰው በጨዋታ ማዘናጋት። ማብዛትም አያስፈልግም፣ ከልክ በላይ የለሰለሰ ውስጥ እግር ቶሎ ይጎዳል። የሰው ቅባት እንዳናስነካው ደግሞ አጥብቃ ነግራናለች። ውሻ የተቀባውን ስለሚልስ ዚንክ ያለበት ወይም የሕመም ማስታገሻ የሆነ ቅባት ሊመርዘው ይችላል። ፀሐይ በከረረበት ቀን የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጉ፣ 7 ሰከንድ ካልቻላችሁ ለሱም ያቃጥለዋል፣ ጠዋት ወይም ማታ አውጡት።

የዚያኑ ዕለት ማታ ስልክ ተደወለ። እሷ ናት። "ቡቺ እንዴት አመሸ?" ትላለች። ለሰው የማይደወልበት ዘመን ላይ ለውሻ! ከኔ ጋር ጨርሳ "እማማን አቅርቢልኝ" አለች። እናቴ "ልጄ፣ እድሜ ይስጥሽ" ብላ ጀመረች፣ ምርቃቱ ማለቂያ አጣ፣ ዶክተሯም ሳትቸኩል አሜን አሜን እያለች ሰማቻት።

አሁን ስንጥቁ ገጥሟል። ቡቺ ደረጃውን ከእናቴ ቀድሞ ይወጣል። አልፎ አልፎ ድርቀቱ ሊመለስ እንደሚችል፣ ክትትልም እንደሚያስፈልገው ገና ከመጀመሪያው ነግራናለች። እንዲያውም የበለጠ ያመንኳት ለዚህ ነው፣ "በአንድ ሳምንት አድንላችኋለሁ" የሚሉትንማ አይተናቸዋል።

ጎበዝ ናት። ትሁት ናት። ደግሜ እላለሁ፣ ጎበዝ ናት! "ውሻ አይደል እንዴ" ተብላችሁ የተመለሳችሁ ሁሉ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ስልኳን እዚህ ያልጻፍኩት ሳላስፈቅዳት እንዳይሆን ብዬ ነው፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቀጠሮ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ አንዱን አይታ ሳትጨርስ ሌላ ስለማታስገባ መጠበቅ አለ።