ኮዳክ፣ ኢልፎርድና ፎማ፦ ከጥቅል ጥቅል የማይለዋወጠው ፊልም የቱ ነው?

ባለ 400 አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ትብነት) ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ምርጫው ከሦስቱ ባንዱ ላይ ይወድቃል፦ የኮዳክ ትራይ-ኤክስ፣ የኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስና ፎማፓን 400። ከሦስቱም ጥሩ ፎቶ ይወጣል። ጥያቄው አሥረኛው ጥቅል የመጀመሪያውን ይመስላል ወይ ነው።

በዚህ መለኪያ እንግሊዝ አገር ሞበርሊ የሚመረተው ኤችፒ5 ይቀድማል። «ፈዛዛ ነው» ብለው የሚያሙት አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የአጣጠቡ ነው። በዲ-76 ዴቨሎፐር (ፊልም ማጠቢያ ኬሚካል) አንድ ለአንድ ከውሃ ጋር ተበጥብጦ በ20 ዲግሪ ሲታጠብ ኤችፒ5 የሚፈልገው 11 ደቂቃ ሲሆን ትራይ-ኤክስ 9 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይበቃዋል። ኤችፒ5ን በትራይ-ኤክስ ሰዓት ያወጣ ሰው ኔጋቲቩ ቢሳሳ አይገርምም።

ትራይ-ኤክስ በ35 ሚሊሜትር አስተማማኝ ነው፤ የጥላው ጥልቀትም እጅግ ያምራል። በ120 (ከወረቀት ጋር በሚጠቀለለው ሰፊ ፊልም) ግን ከ2016 አካባቢ ጀምሮ የጀርባ ወረቀቱ ቁጥርና ጽሑፍ ፊልሙ ላይ እየታተመ፣ ሰማይን በመሰለ ወጥ ቦታ ላይ ጎልቶ ይታይ ነበር። ኮዳክ አላሪስ ችግሩ ያለባቸውን የምርት ቁጥሮች ይፋ አድርጓል፤ ወረቀቱም ተቀይሯል። የዚያን ዘመን 120 በርካሽ ካገኛችሁ ለከፋይ ደንበኛ ሥራ አትጠቀሙበት።

የቼኩ ፎማ በዋጋ ይረታል፣ ሳጥኑ ላይ ያለው 400 ግን አይታመንም። በአብዛኞቹ ዴቨሎፐሮች እውነተኛ ፍጥነቱ (የብርሃን ትብነቱ) ከ200 እስከ 250 ነው፤ በ400 ከተነሳ ጥላው ባዶ ይቀራል። ላይት ሜትሩን (የብርሃን መለኪያውን) 200 ላይ አድርጉት። በ35 ሚሊሜትሩ የመንገድ መብራትና መስኮት ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ይፈጠራል፤ ከጀርባ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያግደው ንብርብር ደካማ ስለሆነ ነው። ማታ ትሪፖድ ላይ ደግሞ ሜትሩ 10 ሰከንድ ሲል ኤችፒ5 ወደ 20 ሰከንድ ሲፈልግ ፎማፓን 400 እስከ 60 ሰከንድ ይጠይቃል። እርጥብ ሳለ በቀላሉ ስለሚጫር በጣት ወይም በጎማ አትጥረጉት።

የትኛውንም ስትገዙ ሳጥኖቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። ከዚያ አንዱን ጥቅል ለሙከራ አውጡ፦ ጥቁር ልብስ ያለበትን ትዕይንት በ400፣ በ200ና በ100 አንሱና የልብሱ እጥፋት መታየት የሚጀምርበትን ኔጋቲቭ ፈልጉ። ለቀሪዎቹ ጥቅሎች ሜትሩን በዚያ ቁጥር ላይ አድርጉት።