ፒኤስ ቪታ ከሆምብሪው ጋር፦ ከወራት በኋላ ያየሁት

ፒኤስ ቪታዬ (የሶኒ በእጅ የሚያዝ የጌም ማሽን) ላይ ሆምብሪው፣ ማለትም ሶኒ ያልፈቀዳቸው ሰዎች የሠሯቸውን ፕሮግራሞች፣ ከጫንኩ ወራት አልፈዋል። ሰው ስለዚህ ማሽን ሲያወራ ቶሎ የሚያነሳው ኢሙሌተር (የሌላ ማሽን ጌም የሚያጫውት ፕሮግራም) ነው። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የሚሞሪው ጉዳይ ነው።

ቪታ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የሚቀበለው የሶኒን የራሱን ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነበር። ትልቁ ካርድ 64 ጊጋባይት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ከተራ ማይክሮ ኤስዲ ጋር አይወዳደርም። ሆምብሪው ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለው። ኤስዲቱቪታ የሚባል ትንሽ አዳፕተር አለ። ተራ ማይክሮ ኤስዲ ይይዛል፣ የጌም ካርድ ማስገቢያው ውስጥ ይገባል። አንድ ፕለጊን (ሲስተሙ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ደግሞ ማሽኑ እሱን እንደ ዋና ሚሞሪ እንዲያየው ያደርጋል። አዲስ ጌም ለመጫን የድሮውን ማጥፋት ቀረ። ለእኔ ይህ ብቻውን ለድካሙ ሁሉ ይበቃል።

ጣጣ የለውም ማለት ግን አይደለም። አዳፕተሩ ማስገቢያውን ስለሚይዘው የገዛችሁትን የጌም ካርድ ለመጫወት እሱን ማውጣት አለባችሁ። ርካሹ አዳፕተር ደግሞ ይላላል። የእኔ የመጀመሪያው ቦርሳ ውስጥ ከተንገላታ በኋላ አንዳንዴ ካርዱ ጨርሶ አይታይም ነበር። ጠበቅ ብሎ የሚገባ ሌላ ስቀይር ችግሩ ጠፋ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ሲስተሙ ራሱ ከጠበቅኩት በላይ የረጋ ነው። ማሽኑን ለሆምብሪው የሚከፍተው ሄንካኩ በ2016 ሲወጣ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር እንደገና ማስነሳት ያስፈልግ ነበር። በ2017 ኤንሶ መጣና ቋሚ አደረገው። አሁን እንደ ማንኛውም ቪታ አበራዋለሁ፣ በቃ። ፕለጊኖች ተጋጭተው አልነሳም ሲል የኤል ቁልፍን ተጭኖ ማብራት ነው፤ ያለ ፕለጊን ይነሳል፣ ጥፋተኛውን ታወጣላችሁ።

ሁለተኛው የምወደው ነገር ሴቭ (ጌሙ ውስጥ የደረስኩበትን የሚይዘው ፋይል) ነው። ቪታሼል የሚባለውን ፋይል ማናጀር ከፍቼ ሴሌክትን ስጫን ኤፍቲፒ ይነሳል። ሴቮቼን በዋይፋይ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። ብዙ ሰዓት የፈጀብኝ ጌም በአንድ ካርድ መበላሸት አይጠፋብኝም። ባለቤቱ የራሱን ፋይል ማየት መቻሉ ከመጀመሪያውም የሚገባው ነገር ነበር።

ኢሙሌተሩንም አልዘነጋሁትም። አድሬናሊን ከቪታ በፊት የነበረውን የሶኒ የእጅ ማሽን፣ የፒኤስፒን፣ ሲስተም ቪታ ውስጥ ያስነሳል። የፒኤስፒ ስክሪን 480 በ272 ነበር፤ የቪታ 960 በ544 ነው፣ በወርዱም በቁመቱም ልክ እጥፍ። ስለዚህ የድሮው ምስል ሳይዛባ ሙሉ ስክሪኑን ይሞላል። በመጀመሪያው ሞዴል ኦሌድ ስክሪን ላይ ቀለሙ ልዩ ነው። የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞችም እዚያው ይሠራሉ። ብዙ ኢሙሌተሮችን በአንድ የያዘው ሬትሮአርች ላይ ጌም ቦይ አድቫንስ ያለ ችግር ይሄዳል። ኔንቴንዶ 64 ግን እንደ ጌሙ ነው፤ አንዳንዱ ይሮጣል፣ አንዳንዱ ይንቀረፈፋል። ለእሱ ብላችሁ ቪታ አትግዙ።

የሚያስደንቀኝ አሁንም አዲስ ነገር የሚሠሩለት ሰዎች መኖራቸው ነው። ሶኒ በ2019 ማምረት ያቆመው ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ፣ በ2021፣ ዘፍሎው በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራመር የጂቲኤ ሳን አንድሪያስን የአንድሮይድ ቅጂ እዚህ ላይ አስነሳ። የጌሙን ፋይል ከገዛችሁት ቅጂ ራሳችሁ ታመጣላችሁ። 512 ሜጋባይት ራም ላይ ይህን ማየት ለሙያው ያለኝን ክብር ጨመረው። እንዲህ ያሉ ከባድ ነገሮችን ስጫወት ፕሮሰሰሩን በፕለጊን ወደ 500 ሜጋኸርዝ ከፍ አደርጋለሁ። ባትሪው ያኔ ቶሎ ይወርዳል፤ ለቀላል ጌም ወደ ነበረበት ብትመልሱት ይሻላል።

ያገለገለ ልትገዙ ካሰባችሁ ከቀለሙና ከጭረቱ በፊት የሲስተም ቨርዥኑን እዩ። ኤንሶ የሚጫነው 3.60 እና 3.65 ላይ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሞዶሩ በሚባል መሣሪያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ቨርዥን በታች አይወርድም። ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ፣ ሻጩንም አፕዴት እንዳያደርገው አስቀድማችሁ ንገሩት።